ቀለብ ለመጠየቅ የሄደችውን እናት ማን ይጠብቃታል? የአንድ ክር ወሬ

ማመልከቻ ጸሐፊ ነኝ፤ ደብረ ብርሃን፣ ፍርድ ቤት ደጃፍ። ጠረጴዛዬ አንድ፣ በርጩማዬ ሁለት፣ ጃንጥላዬ የተቀደደ። ከሰዓት በኋላ ባለጉዳዩ ሲሳሳና ብርዱ ጣት ሲያደነዝዝ ስልኬን አውጥቼ የሰሜን ሸዋ ሰዎች የሚወያዩበትን መድረክ አነባለሁ። አብዛኛው ወሬ የበግ ዋጋ፣ የመብራት መጥፋት፣ የየትኛው ወረዳ ሰው ይበልጥ ጨዋ እንደሆነ ነው። ሰሞኑን ግን አንዲት እናት በከፈተችው ክር ላይ (አንድ ጥያቄና ከሥሩ የሚደረደሩት መልሶች ማለቴ ነው) 43 መልስ ተከመረ፤ ሁለት ሌሊት እንቅልፍ ነሳኝ። የሰዎቹን ቃል እንዳለ አልገለብጠውም። ግማሹ በንዴት የተጻፈ ነው፤ ሲበርድላቸው ያፍሩበታል። የተባለውን በራሴ አፍ ላውራው።

ጠያቂዋ ከመንዝ፣ ከመሐል ሜዳ አካባቢ ናት። በሽማግሌ ፊት፣ በባህሉ ተድራ ሁለት ልጆች ወልዳለች፤ ትልቋ 7 ዓመቷ፣ ትንሹ 3 ዓመቱ። ባሏ ፋብሪካ ልቀጠር ብሎ ወደ ደብረ ብርሃን ወረደ። ለ8 ወር ያህል ብር ይልክ ነበር፤ ከዚያ ብሩም ስልኩም ጠፋ። አሁን 14 ወር ሆነው። ሌላ ጎጆ እንደቀለሰ ሰምታለች። እሷ የበግ ጠጉር ትፈትላለች፣ አረቄ ታወጣለች። ጽሑፏን ሳነብ የገረመኝ ቀለብ እንዴት እንደሚጠየቅ አለመጠየቋ ነው። የጠየቀችው ስለ ራሷ ነው። ብትከሰው ልጆቹን ይነጥቃት እንደሆነ። አረቄ ስለምትሸጥ ገቢ አለሽ ተብላ ትመለስ እንደሆነ። ቀለብ ለመጠየቅ መጀመሪያ መፋታት ግድ እንደሆነ። መጥሪያው ደርሶት ተናዶ ቢመጣባት ማን እንደሚደርስላት። ከዚህ በፊት አንድ ቢሮ ሄዳ ባሏን ራሷ ይዛው እንድትመጣ ተነግሯት ተመልሳለች። የትኛው ቢሮ እንደሆነ አልጻፈችም፤ እኔም ባውቀው አልጽፈውም።

1ኛው መልስ ዕድሜ ጠገብ የሚመስል አባት የጻፉት ነው። በሰላምታ ጀምረው፣ የልጆቹን ጤና ጠይቀው፣ ሽማግሌ መላክ እንደሚቀድም፣ ፍርድ ቤት የገባ ትዳር ተመልሶ እንደማይሞቅ መከሯት። 2ኛው አሜን ብሎ አለፈ። 3ኛዋ የሸዋ ሮቢት ሴት ናት። አባትየውን አክብራ ነው የጀመረችው፤ ሽማግሌ እንደማትጠላ፣ የእሷን ባል ግን ሽማግሌ 3 ጊዜ እንደጠራው፣ እሱም አንዴ ማሾው ሲሸጥ፣ አንዴ ሽንኩርቱ ሲወጣ፣ አንዴ ከጥምቀት በኋላ እያለ 2 ዓመት እንደበላባት ጻፈች። ሽማግሌ የሚላክ ከሆነ ቀን ይቆረጥለት፣ ስምምነቱ ወረቀት ላይ ይስፈር፣ ፍርድ ቤት ቀርቦም ይጽደቅ የሚል ነው ሐሳቧ። ይህችን ሴት ወደድኳት።

4ኛው የሕግ ተማሪ ነኝ የሚል ወጣት ነው። ከተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ ከአዋጅ ቁጥር 213/1992 ላይ አንቀጽ እየመዘዘ ደረደረ። ሳይውል ሳያድር 5ኛው መጣና አረመው። ያ አዋጅ የፌዴራሉ ነው፤ አዲስ አበባና ድሬዳዋ ላይ ይሠራል። መንዝ ተቀምጣ የምትጠይቅ እናት የምትዳኘው በአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ፣ በአዋጅ ቁጥር 79/1995 ነው። የቀለቡ ነገር በሁለቱም ስለሚቀራረብ የልጁ ድካም ከንቱ እንዳልሆነም አከለ። 6ኛው ተማሪው የከፈለውን የትምህርት ክፍያ ያስመልስ ብሎ ቀለደ፤ 7ኛው ራሱ ተማሪው ነው፣ እርማቱን በምስጋና ተቀበለ። በዚህ መድረክ ላይ ተሳስቼ ነበር የሚል ሰው ሳይ ለሁለተኛ ጊዜዬ ነው።

5ኛው ግን በእርማት አላበቃም። ችሎት ውስጥ የዋለ ሰው እንደሆነ አጻጻፉ ያስታውቃል። ከሴትዮዋ አራት ጥያቄዎች ሦስቱን አንድ በአንድ ይዞ ሄደ። ቀለቡ የልጆቹ እንጂ የእሷ እንዳልሆነ፣ እሷ የልጆቹን መብት ተሸክማ የምትሄድ መሆኗን አስቀደመ። በሕጉ ቀለብ ሲባል እንጀራ ብቻ አይደለም፤ መጠለያው፣ ልብሱ፣ ሕክምናው፣ ትምህርቱ አብሮ አለበት። መፋታት ግድ አይደለም፤ በትዳር ያለች እናትም ለልጆቿ ቀለብ ልትጠይቅ ትችላለች። ፍቺ ከጠየቀች ደግሞ ፍርድ ቤቱ የንብረቱ ክርክር እስኪያልቅ ሳይጠብቅ ልጆቹ ማን ጋ እንደሚቆዩና በምን እንደሚኖሩ ጊዜያዊ ትእዛዝ መስጠት አለበት። አረቄውን በተመለከተ፣ ዳኛው የሚመዝነው ሁለት ነገር ነው፤ የልጆቹን ችግርና የሰጪውን አቅም። የእሷ ገቢ ሊነሳ ይችላል፣ አባትየውን ግን ከግዴታው አያወጣውም፤ ሁለቱም ወላጆች ናቸውና። ልጅ የመንጠቁን ፍርሃት ሲያስረዳ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 ለልጅ ጥቅም ቅድሚያ መስጠቱን ጠቅሶ፣ በፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት በመዝገብ ቁጥር 23632 የታየውን ጉዳይ አነሳ። እናቱ ሞታበት አክስቱ ያሳደገችውን ልጅ አባትየው ልውሰድ ሲል፣ ችሎቱ የልጁ ጥቅም ካሳደገችው ጋር መኖር ነው ብሎ ለአክስቱ የወሰነበት ነው። እንግዲህ አክስት እንዲህ ካገኘች፣ 14 ወር ብቻዋን ያሳደገች እናት ቀለብ ስለጠየቀች ብቻ ልጆቿን ታጣለች ብላ አትስጋ ነው ነገሩ።

8ኛዋ በአጭሩ ጠየቀች፤ ጨርሶ ሳይጋቡ የተወለደ ልጅስ? 9ኛው ሕገ መንግሥቱ ከጋብቻ ውጭ የተወለደን ልጅ ከጋብቻ ከተወለደው እኩል እንዳደረገው፣ ቁም ነገሩ አባትነቱን ማስረዳት እንደሆነ መለሰ። ሰውየው ካልተቀበለ ፍርድ ቤት የሚያያቸው ነገሮች አሉ፤ አብረው እንደ ባልና ሚስት ኖረው እንደሆነ፣ አባት መሆኑን የሚያሳይ ነገር ጽፎ እንደሆነ፣ እንደ አባት ሆኖ ሲያበላ ሲያለብስ ታይቶ እንደሆነ። የስልክ መልእክት እንዳታጠፋ መከራት። ጠያቂያችን ግን በባህል የተዳረች ስለሆነች ይህ ጣጣ የለባትም፤ በትዳር ውስጥ የተወለደ ልጅ አባቱ ባልየው ነው።

ከዚህ በኋላ ነገር ከረረ። 10ኛው የእነዋሪ ሰው ነው፤ አባት። እንደጻፈው ከሆነ 2 ዓመት ሙሉ ለልጆቹ ጤፍ ሲጭን፣ ጫማና ደብተር ሲገዛ ኖሯል። ሚስቱ ከሰሰችው። ችሎት ላይ ምን ማስረጃ እንዳለው ሲጠየቅ የጤፉን ከረጢት የተሸከመ አህያ ካልቀረበ በስተቀር ምንም አልነበረውም። እንዳልከፈለ ተቆጠረ። ከዚያ ምሬቱን ለሴት ሁሉ አደረገው፤ ሕጉም፣ ቢሮውም፣ ይህ መድረክም የሴት ብቻ እንደሆነ ጻፈ። 11ኛዋ ለአንዲት ሴት በደል ሁሉንም መስደብ እንደማይገባ በጨዋነት ነገረችው። 12ኛው በጨዋነት አልነገረውም። 13ኛው የ12ኛውን እናት አነሳ። 14ኛው ጤፉ ስንት ኪሎ እንደነበር ጠየቀ፤ እስካሁን ቀልድ ይሁን ቁም ነገር አልገባኝም።

እኔ ግን የእነዋሪውን ሰው አምነዋለሁ። እንዲህ ያሉ አባቶች በርጩማዬ ላይ ይቀመጣሉ፤ እጃቸው እንደ ግንድ ሻካራ፣ ኪሳቸው ውስጥ አንዲት ደረሰኝ የለም። ያኔ አብሬያቸው ከማዘን ሌላ የምጽፍላቸው አጣለሁ።

15ኛዋ ሒሳብ ሠራተኛ መሆኗን ገልጻ ክሩን አበረደችው። ለከፋዩም መብት እንዳለው አስታወሰች። በባንክ ወይም በቴሌብር ሲልክ ምክንያቱ ላይ የልጅ ቀለብ ብሎ ከነወሩ ይጻፍ፤ እህል ከሆነ የሰጠበትን ቀንና መጠን ተቀባይዋ ትፈርምለት። ሥራ ቢያጣ ዝም ብሎ ማቆም ሳይሆን ፍርድ ቤቱ የቀለቡን መጠን እንዲያሻሽልለት ማመልከት ነው፤ ኑሮ ሲወደድ እናቲቱም ለመጨመር እንዲሁ ታመለክታለች። በውሳኔው ቅር ያለው ደግሞ ይግባኙን በ60 ቀን ውስጥ ያቅርብ። 16ኛው የእነዋሪው ሰውዬ ሲሆን የባንክ ደብተር እንደሌለው ብቻ ጻፈ። ንዴቱ ግን ቀንሶ ነበር።

17ኛዋ ከአሜሪካ፣ ከሚኒሶታ ናት፤ ትውልዷ ደብረ ሲና። ረጅም ጻፈች፤ እኔም ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እዚያ የልጅ ቀለብ የሚያስከፍል መሥሪያ ቤት በየግዛቱ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1975 በወጣ የፌዴራል ሕግ የቆመ ነው። እናቲቱ ታመለክታለች፤ አባትየውን የሚፈልገው፣ አሠሪውን የሚያገኘው፣ ከደመወዙ የሚያስቆርጠው መሥሪያ ቤቱ ነው። ሕጉ ሌላ ቤተሰብ ካለው እስከ 50፣ ከሌለው እስከ 60 በመቶ ይፈቅዳል፤ ከ12 ሳምንት በላይ ውዝፍ ካለበት 5 ይጨመራል። ውዝፉ ከ2,500 ዶላር ካለፈ ፓስፖርት ይከለከላል። ድብደባ የሸሸች እናት አድራሻዋ ከአባትየው እንዲሸሸግ መዝገቡ ላይ ምልክት ይደረግላታል። ለአገልግሎቱም ድጎማ ተቀብላ ከማታውቅ ሰው 550 ዶላር ከተሰበሰበላት በኋላ በዓመት 35 ዶላር ይታሰባል።

ይህን ሁሉ የጻፈችው ለጉራ አይደለም። የደረሰባትን ለመንገር ነው። መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ጉዳይዋን የያዘው ጠበቃ የእሷ ጠበቃ መስሏት ነበር። የቤቷን፣ የሥራዋን፣ ከልጇ አባት ጋር በቃል የተስማሙትን ሁሉ ዘረገፈችለት። ኋላ ላይ ነው ጠበቃው የመንግሥት እንደሆነ፣ የነገረችው ምስጢር እንደማይጠበቅላት፣ ከፈለገች የራሷን ጠበቃ ማቆም እንደነበረባት ያወቀችው። ቅጹ ላይ ተጽፎ ነበር፤ አላነበበችውም። ስለዚህ ለመሐል ሜዳዋ እህቷ የምትመክራት፣ የትም ቢሮ ስትገባ ከፊቷ የተቀመጠው ሰው የማን ወገን እንደሆነ አስቀድማ እንድትጠይቅ ነው።

18ኛው ይህን በአንድ መስመር ዘጋው፤ የዶላር አገር ወሬ ለአረቄ አውጪ ምን ይጠቅማታል የሚል ነገር። ከስድቡ ይልቅ አረቄ አውጪ ያላት ሴት ክሩን እያነበበች መሆኑን መርሳቱ አናደደኝ። 19ኛዋ ግን ምክሩን ይዛ ወደ አገራችን አመጣችው። የሴቶች፣ ሕጻናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ያስማማል፣ ደብዳቤ ይጽፋል፤ ፍርድ ግን አይሰጥም። ፍትሕ ጽሕፈት ቤት ያለው ዐቃቤ ሕግ አቅም ለሌላቸው ሴቶችና ሕጻናት ክስ ጽፎ ይቆምላቸዋል። የሕግ ትምህርት ቤት ያላቸው ዩኒቨርሲቲዎችም ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣሉ። ዳኛው የማንም ወገን አይደለም። የፍርድ ቤት ደጃፍ ማመልከቻ ጸሐፊ ደግሞ የገጹ ወገን ነው፤ ገጽ በበዛ ቁጥር ይከፈለዋልና። እዚህ ላይ ሻዬ ትን አለኝ። 19ኛዋ ያነሳችው ሌላው ነገር ሲሶ ነው። ባልየው የፋብሪካ ሠራተኛ ከሆነ፣ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት በፍርድ ቤት ትእዛዝ ከደመወዙ ሊቆረጥ ይችላል፤ በአንድ ጊዜ የሚቆረጠው ግን ከሲሶ አይበልጥም። ቀሪው ሁለት እጅ ለሱ ነው። ትእዛዙ በቀጥታ ለአሠሪው ከተጻፈ እናቲቱ በየወሩ ፊቱን ማየትም አይኖርባትም።

20ኛው ፍቼ ሆኖ ሲያነብ የቆየ ሰው ነው። ሰሜን ሸዋ ሲባል ሁለት ዞን እንዳለ፣ የእሱ ሰሜን ሸዋ ኦሮሚያ ውስጥ ስለሆነና ኦሮሚያ የራሱ የቤተሰብ ሕግ ስላለው እዚህ የተባለው ሁሉ እንዳለ እንደማይያዝ አሳሰበ። ልክ ነበር። 21ኛው ግን ከዚህ ውስጥ ፖለቲካ አወጣ፤ 22ኛውም ያልቀረበት ነገር ያለ ይመስል ገባበት። ስለ ወሰን፣ ስለ ስም፣ ስለ አጤዎች ሆነ ወሬው። የሁለት ልጆች ጫማ ጉዳይ የትናየት ቀረ።

23ኛው እኔ ነኝ። ብዙ ጊዜ አልጽፍም፤ የ19ኛዋ ነገር ስለከነከነኝ ይሆናል። በሙያዬ ኮርቼ፣ ለጠያቂዋ የ14 ወሩን ውዝፍ ደምራ ሙሉውን ትጠይቅ ብዬ ጻፍኩ። 24ኛው፣ ያ የ5ኛው መልስ ባለቤት፣ እኔንም አረመኝ። በቤተሰብ ሕጉ መሠረት መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ በ3 ወር ውስጥ ያልተጠየቀ ወይም ያልተሰበሰበ ቀለብ በመርህ ደረጃ ይቀራል፤ ለልጆቹ ኑሮ አስፈላጊ እንደነበረ ካላስረዳች በቀር። ስለዚህ ድምር ብቻ አይበቃትም። ልጆቹን ለማኖር የተበደረችውን፣ የሸጠችውን በግ፣ የክሊኒክ ወረቀቱን፣ የጎረቤት ምስክሯን ትያዝ። ከሁሉም በላይ አሁኑኑ ትክሰስ፤ በዘገየች ቁጥር የኋላው ወር ይሸሻል። 25ኛው የእኔ ምስጋና ነው።

ይህን ካነበብኩ በኋላ ጠረጴዛዬ ሥር ያለውን የድሮ ረቂቅ ማኅደር አወጣሁት። ሳይጠየቅ የቆየ ሁሉ ይቀራል የሚለውን ደንብ ሰምቼው አውቃለሁ፤ ነገር ግን ስንት ጊዜ ነው ያለ ቀን የጻፍኩት? ከሳሽ በተደጋጋሚ ጠይቃ እምቢ አላት፤ ይህችን ዓረፍተ ነገር መቼም በብዙ ማመልከቻ ላይ አስቀምጫታለሁ። መቼ ጠየቀች? በማን በኩል? በስንት ቀን? የለም። ደግሞ በሌላ አንዱ ላይ ለልጆቼ ማለት ሲገባኝ ለእኔ ቀለብ ይወሰንልኝ ብዬ ጽፌ፣ ተከራካሪው ሴትዮዋ ጤነኛና ሠርታ መብላት የምትችል ናት ብሎ ሲከራከርበት ነበር። ሴትዮዋ ማንበብ አትችልም። ጣቷን ቀለም ነክታ የፈረመችው እኔን አምና ነው።

26ኛው ነገሩን ወደ አያቶች ወሰደው። አባት ቢጠፋ ወይም አቅም ቢያጣ፣ የቀለብ ግዴታ በትውልድ መስመር ወደ ላይም ስለሚሄድ የአባትየው አባት ሊጠየቁ ይችላሉ። 27ኛዋ ደስ አላት፤ አማቷ በግ ያረባሉ። 28ኛው አንድ ሽማግሌ ናቸው፤ በጣም ተቆጡ። ልጃቸውን አሳድገው፣ ድረው፣ ጥማድ በሬ ሰጥተው፣ አሁን ደግሞ የልጅ ልጅ ቀለብ በፍርድ ቤት ይጠየቁ? በእሳቸው ዘመን የልጅ ልጅ ያለ ከሳሽ አያቱ ቤት ይበላ እንደነበር ጻፉ። 29ኛዋ በእርጋታ ጠየቀቻቸው፤ አባባ፣ አሁንስ እየበላ ነው ወይ? አልመለሱም። 30ኛው ገበሬ ነው፤ ቢፈረድበት የሚያርስበት በሬ ይሸጥበት እንደሆነ ፈርቷል። ለፍርድ አፈጻጸም ገበሬ የሚያርስበትን መሣሪያ፣ ለኑሮው የግድ የሆነውን ከብትና ዘር መያዝ እንደማይቻል 31ኛው ነገረው። ከዚያ ያለፈ ከብት ካለው ግን ነገሩ ሌላ ነው።

32ኛው እስር ፈለገ። በ1996 የወንጀል ሕግ አንቀጽ 658 ያለ በቂ ምክንያት ቀለብ የማይሰጥ ሰው እስከ እስር ሊቀጣ እንደሚችል ጠቅሶ፣ ሰውየው አንድ ወር ቢገባ ዕድሜ ልኩን እንደማይረሳ ጻፈ። 33ኛዋ የደረሰባትን አወራች። እሷ አሳስራለች። ሰውየው ሲገባ ከሥራው ተባረረ፤ ከደመወዙ የሚቆረጠውም አብሮ ጠፋ። ልጇ ትምህርት ቤት የእስረኛ ልጅ ተባለ። አቤቱታዋን ባታቀርብ ይሻል እንደነበረ አላለችም፤ ግን መጀመሪያ የአፈጻጸም መዝገብ ከፍታ ደመወዙን ማስያዝ እንደነበረባት ጻፈች። የሕጉ ዱላ እንዳለ ታውቆ እንዲቀመጥ እንጂ ቀድሞ እንዳይነሳ ነው የምትለው። 32ኛው ተመልሶ አልጻፈም።

34ኛዋ ስሟን ደብቃ የገባች ናት። የ17ኛዋን የአድራሻ ነገር ይዛ ነው የመጣችው። እሷም ቀለብ መጠየቅ ትፈልጋለች፣ ሰውየው ግን የት እንዳለች ካወቀ እንደሚገድላት ዝቷል። ክስ ላይ አድራሻ ይጻፋል። ምን ታድርግ? እስከዚህ ድረስ ሲሰዳደብ የቆየው ክር ዝም አለ። ሰዓቱን አይቻለሁ፤ ለ5 ሰዓት ያህል ማንም አልጻፈም። 35ኛዋ የሸዋ ሮቢቷ ሴት ናት፣ ያች የ3ኛዋ። ዛቻው ራሱ ወንጀል ስለሆነ መጀመሪያ ፖሊስ ዘንድ ታስመዝግብ፤ ሚስትን መምታትን የወንጀል ሕጉ ለብቻው እንደጠቀሰው ለሚያስታርቋት ሰዎች ሁሉ ትንገራቸው። ከዐቃቤ ሕጉ ጋር በመጀመሪያው ቀን ስትገናኝ ስለ ገንዘቡ ከማውራቷ በፊት ስለ ዛቻው ታውራ። ጽሑፍ የሚደርሳት በምትኖርበት ሳይሆን በሌላ ሰው ወይም በቢሮ በኩል እንዲሆን ትጠይቅ። ዳኛውንም በዝግ ችሎት እንዲያዩላት ትለምን። መጥሪያውን በራሷ እጅ ከማድረስ ትቆጠብ። ብዙ ሰው የሚመታው መጥሪያ ሲሰጥ ነው ብላለች፤ ይህን ከየት እንዳወቀችው አልጠየቅናትም። 36ኛው አወያዩ ነው፤ ከ12 እስከ 14 ያለውን ስድብና የ21 እና 22ን ፖለቲካ እንደሰረዘ አስታወቀ። የ18ኛው ግን አለ። የማያጠፋው ለምን እንደሆነ እንጃ።

37ኛዋ ራሷ ጠያቂዋ ናት። ለ18ኛው ምንም አላለችም። መሐል ሜዳ ያለውን ፍትሕ ጽሕፈት ቤት ሄዳለች፤ ተከሳሹ የሚኖረው ደብረ ብርሃን ስለሆነ ክሱም እዚያ እንዲሆን ነግረዋታል። በደሃ ደንብ እንድትከስ የዳኝነት ክፍያ መክፈል እንደማትችል ከቀበሌዋ ማስረጃ አጽፋለች። ክሱን የጻፈላት ዐቃቤ ሕጉ ነው፤ ገንዘብ አልከፈለችም። ይዛው የምትመጣው ወረቀት ቁጥር አንድ የትንሹ የልደት ምስክር ወረቀት ነው፣ በ90 ቀኑ ውስጥ ያስመዘገበችው። የትልቋ የለም፤ የክርስትና ካርዷና የክትባት ካርዷ አለ። ከዳሯት ሽማግሌዎች ሁለቱ ምስክር ሊሆኑ እሺ ብለዋል። ከጎረቤት የተበደረችውን በሙሉ በልጇ ደብተር የኋላ ገጽ ላይ ልጅቱ ጽፋላታለች፣ ከነቀኑ። አንድ ነገር ብቻ ቀራት፤ ልጆቹን ይዛ ትምጣ ወይስ ትተዋቸው?

38ኛው ይዛቸው ትምጣ፣ ዳኛው አይቶ ያዝናል አለ። 39ኛዋ ተቃወመች፤ ልጅ አባቱን ከእናቱ ጋር ሲከራከር ማየት የለበትም፣ ዳኛውም የሚፈርደው በማስረጃ ነው። 40ኛው ከታርማበር እስከ መሐል ሜዳ ያለውን መንገድና ውርጩን አንስቶ የ3 ዓመት ልጅ በሌሊት አውቶቡስ አይጫንም አለ። 41ኛው የመንዝ በግ በደብረ ብርሃን ገበያ ስንት እንደገባ ጠየቀ፤ ማንም አልመለሰለትም፣ እኔም አውቀው ነበር። 42ኛዋ ጠባሴ የምትኖር ሴት ናት፤ ከቀጠሮው በፊት ባለው ማታ የምታድርበት አልጋ እንዳላት፣ ልጆቹ ከመጡም እሷ ዘንድ ሊውሉ እንደሚችሉ ጽፋ ቁጥሯን በግል እንደምትልክ ነገረቻት።

43ኛው ጠያቂዋ ነች። ትልቋን ትታ ትንሹን ይዛ እንደምትመጣ ጻፈች፤ ገና ጡት አልጣለም። ቀጠሮዋ የሚመጣው ሐሙስ ጧት 3 ሰዓት ነው።